ሰባተኛው ማረፊያ ላይ የሚንጠባጠበው ሃምሳ ስድስት

ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልጅ ሲያይ ከረሜላ የሚሰጥና ልጅ ሲያይ «ሰባት በስምንት ስንት ነው?» የሚል። የመጀመሪያው ዓይነት እየተመናመነ ነው መሰለኝ። ሁለተኛው ግን በየሕንፃው፣ በየአውቶቡሱ፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ ሞልቷል። ታውቁታላችሁ። የልጃችሁን እጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ከየት መጣ ሳይባል ፊት ለፊት ይቆማል። ስም አይጠይቅ፣ ዕድሜ አይጠይቅ፤ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ይላል። «ሦስተኛ» ስትል እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ ጥያቄውን ያወርድባታል። ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን ታያለች። እናቷ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች፤ እሷም አታውቀውማ።

ያቺ ሰማይ የምታይ እናት እኔ ነኝ።

የኛ ሕንፃ ጠያቂ ግን ተራ ጠያቂ አይደሉም። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ስንት» ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ እሱም ይጠራጠራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ወለልና ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ሲያነጥፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ምድር ቤት ባለችው አንድ ክፍላቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ደረጃው የሚጀምረው ከዚያች በርጩማ አጠገብ ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሚወጣ ልጅ ሁሉ በክቡርነታቸው ፊት ሳይቀርብ አያልፍም። የመለሰ ያልፋል። ያልመለሰም ያልፋል፣ ግን መልሱን ሳይዝ አይደለም፤ አንዳንዱ በጠጠር፣ አንዳንዱ በጣቱ፣ አንዳንዱ በጭብጨባ ቆጥሮ ያገኘዋል።

ለአዋቂም አያዝኑም። አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ፍሪጅ ተሸክመው ሲገቡ አስቆሟቸውና አራት በስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቋቸው። ከፊት የያዘው ሰውዬ ፍሪጁን ሳያወርድ «ሠላሳ ሁለት» አለ። ጋሽ ስንት ያንን ሰው እስከ ዛሬ በአክብሮት ያነሱታል።

እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ላይ እሸሻቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ የጨረስኩት ግን በሒሳብ ብርታት አይደለም። የምሠራው ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው፤ ደክሞኝ ስገባ ደግሞ «ስድስት በዘጠኝ» የሚል ሰው ማየት አልፈልግም። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ከማንም ጋር ሳላወራ እያወራሁ አልፋቸው ነበር። አንድ ጊዜ እንደዚያ እያልኩ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጋሽ ስንት ግን ከበርጩማቸው ትንሽ ብድግ ብለው አሳለፉኝ።

ከዚህ ሁሉ ሽሽት የመለሰኝ የልጄ ጉዳይ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታነባለች፣ ትሥላለች፣ የተረት መጽሐፍ ሰጥታችኋት ከሄዳችሁ ምሳ መብላቷን ትረሳለች። የማባዛት ሰንጠረዥ ግን በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰንጠረዡን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፣ ከአልጋዋ በላይ ለጠፍኩ። ዘፈን አደረግሁላት፤ ዘፈኑን ያዘች፣ ቁጥሩን ጣለች። ብስክሌት ቃል ገባሁ። ቀበቶ ያሳየሁባትም ቀን አለ፣ አልደብቅም፤ አሳየሁ እንጂ አልመታሁም። ማታ ስትተኛ በቃሏ ታወርደው የነበረውን ጠዋት ስጠይቃት፣ ሌሊት ሰው ገብቶ ጠርጎላት የሄደ ይመስል ባዶ ነው።

ትምህርት ቤቷ ደግሞ ደንብ አለው። ሦስተኛ ክፍል ሳያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሃያ የማባዛት ጥያቄ ይጠየቃል። መምህሯ ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ሦስት ጊዜ ትመታለች፤ ሦስተኛው ሳይመታ መመለስ አለበት። ከሃያው አሥራ ስድስት ያገኘ ያልፋል። ያላለፈ ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ዕድል ይሰጠዋል። እሱንም ከወደቀ ጓደኞቹ አራተኛ ክፍል ሲገቡ እሱ እዚያው ይቀራል። ልጄ ይህንን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ አራተኛ ስትገባ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ነኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት፤ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ሰንጠረዥ እያየሁ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንገባ ጋሽ ስንት እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው «ሦስት በስምንት?» ያሏት። የልጄ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት፣ ዓይናቸው የልጄ ጫማ ላይ መሆኑን አየሁ።

«አፍሽን ተይው፣» አሏት። «እግርሽን ልጠይቀው። እስቲ ያንን ደረጃ ወጥተሽ ነይ።»

የሕንፃችን ደረጃ ስምንት ስምንት እየሆነ ነው የተሠራው። ስምንት ትወጣላችሁ፣ ትንሽ ማረፊያ አለ፣ ትዞራላችሁ፣ ሌላ ስምንት። እስከ ጣራው በር ድረስ እንዲህ ያለ ማረፊያ ስምንት ነው። እኔ ስድስት ዓመት ስወጣው ስንት እንደሆነ አስቤ አላውቅም። ልጄ የመጀመሪያውን ወጥታ ስትወርድ እዚያ ምን እንዳለ ጠየቋት። የመስኮቱ መስተዋት የተሰነጠቀ ስለሆነ ነፋስ እንደሚገባ ነገረቻቸው። «በይ፣ ስምንት ማለት ያ ነፋስ ነው» አሏት። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ካለው ቤት ሕፃን ያለቅሳል፤ አሥራ ስድስት ማለት እሱ ሆነ። ሦስተኛው ላይ የናና ባልዲ አለ፤ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች፣ አሸተተች፣ ከላይ ወደ ታች «ሃያ አራት» ብላ ጮኸች።

ድምፅዋ ደረጃውን ሞልቶ ሲወርድ ሰማሁት። ያንን መልስ ከኔ ልጅ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ፈቀድኩ። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ልጄ ትወጣለች፣ ጋሽ ስንት ጉልበታቸው ስለማያስወጣቸው ከታች አንገታቸውን ሰቅለው ይሰማሉ። አንድ ቅዳሜ የምር ጉዳዩ ገረመኝና ራሴ ተከትያት ወጣሁ። አራተኛው ማረፊያ ላይ ያለችው ጎረቤት ሁልጊዜ ሽንኩርት ትጠብሳለች፤ ሠላሳ ሁለት እሱ ነው። አምስተኛው ላይ ግድግዳው ያልተለሰነ ነው፣ ልጄ በመዳፏ ጠረግ አድርጋው ትሄዳለች፣ አርባ። ስድስተኛው የኛ ቤት ነው፤ የብረት በራችን ጠዋትም ማታም ቀዝቃዛ ነው፣ አርባ ስምንት። ሰባተኛው ላይ የቧንቧ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። ልጄ እዚያ ስትደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ጠብ። ጠብ። «ሃምሳ ስድስት» አለችኝ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ይመስል። የጣራው በር ፀሐይ ሲመታው ይውላልና እጃችሁን ብታሳርፉበት ይፋጃል፤ ስልሳ አራት።

«ዘጠኝ በስምንትስ?» አልኳት። በሩ ተቆልፏል፣ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም።

ጋሽ ስንት እንዳሏት ከዚያ በላይ በሐሳብ ነው የሚወጣው። ዓይኗን ጨፈነችና እዚያው ቆማ ስምንት ጊዜ ረገጠች።

ዜሮ በስምንትስ ቢሏችሁ? እሱ ጋሽ ስንት ናቸው። በርጩማቸው ያለችው ደረጃው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ራሳቸው ናቸው ሹመቱን የወሰዱት። ልጄ ወደ ላይ ከመነሳቷ በፊት ትከሻቸውን ነካ አድርጋ «ዜሮ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ማዕረግ እንደተሰጠው ሰው አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ።

ማታ ማታ በሐሳብ እብሰለሰል ጀመር። ቁጥር ሽታ አለው እንዴ? እኔን ያስተማሩኝ ቁጥር አፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር አድርገው ነው። ጋሽ ስንት ደግሞ አንድ አባባል አላቸው፤ «አፍ ይረሳል፤ እግር አይረሳም» ይላሉ። በቀን አሥር ጊዜ ይሉታል፤ ለፖስተኛውም ይሉታል። በነገሩ እየሳቅሁ አንድ ቀን ሥራ ላይ ብስኩት የሚደረደርበትን ትሪ አየሁት። በአንድ ረድፍ ሰባት ነው። ረድፉ ስምንት ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ስቆጥረው የኖርኩት ትሪ ሃምሳ ስድስት ነው! የማሸጊያው አለቃ ከቆምኩበት አልነቃነቅ ስላት አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በዚህ ሁኔታ የሰባት ማባዛት የኔ ድርሻ ሆነ። የተጣመመ አሮጌ ትሪ ለምኜ፣ የተሰበረ ብስኩት ይዤ ገባሁ። ልጄ ሰባት ደርድራ በመዳፏ ትዳስሳለች፣ ረድፉ ሲሞላ ቁጥሩን ትናገርና አንድ ፍርፋሪ ትቀምሳለች። ስድስትን ጋሽ ስንት በጭብጨባ፣ ዘጠኝን በአሥር ጣቷ አስያዟት። አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ርቆ ነው የሚሠራው፤ በስልክ ሁሉንም ስነግረው ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገብተናት ነው ወይስ ሰርከስ ብሎ ጠየቀኝ።

ነገሩ እንከን አልነበረውም ብል እዋሻለሁ። አንድ ማታ ጋሽ ስንት «አምስት በስምንት?» ሲሏት ሳታመነታ «ሃያ አራት» አለች። ክቡርነታቸው እንደተወጉ ሆኑ።

«እግርሽ ነው ያለሽ ወይስ አፍሽ?»

«አፍንጫዬ፣» አለች ልጄ።

ለካስ የናናው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ፀሐይ ይበልጥ ይገባል ብለው ባልዲውን ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ማረፊያ አዛውረውታል። ጋሽ ስንት መውጣት ስለማይችሉ ነርሷን ወደ ታች አስጠሩ፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው ተቀበሏቸው፣ ጉዳዩን እንደ አገር ድንበር ጉዳይ አቀረቡ። ነርሷ ናና ያለ ፀሐይ እንደሚጠወልግ አስረዱ። ጋሽ ስንት «እሱ ፀሐይ ከፈለገ፣ ልጅቷ ደግሞ ሃያ አራት ትፈልጋለች» አሉ። ነርሷ አንዴ እሳቸውን አንዴ ልጄን አዩና እያጉረመረሙ ባልዲውን መለሱ። ሃያ አራት የማያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ግን ይነገረኝ ብለዋል።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን ልጄ እየዘለለች ነው የሄደችው። የተመለሰችው ጭንቅላቷን ደፍታ ነው። የሆነውን መምህሯ ኋላ ነገረችኝ። ልጄን ሰሌዳው ፊት አቆሟት፣ ሦስት ቀላል ጥያቄ መለሰች፣ ከዚያ «አራት ሲባዛ በስምንት» አሏት። ልጄ መውጣት ጀመረች። እዚያው ቆማ በሁለት እግሯ ወለሉን ደም ደም ደም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ ቀጥ ብላ እንድትቆም አዘዘቻት፤ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣትም። አፏ ድሮም አያውቀውም፤ እግሯን ደግሞ ከለከሏት። ከሃያው ያገኘችው ያቺን ሦስት ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንገባ ጋሽ ስንት ከበርጩማቸው ተነስተው ቆመው እየጠበቁን ነበር። የዚያን ቀን ያልኳቸውን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«ልጄን እንደ ጦጣ ሲያዘልሉብኝ ከረሙ፣» አልኳቸው። «እርስዎ የሚጫወቱበት ሌላ ነገር ይፈልጉ።»

ጎንበስ ብለው በርጩማቸውን አነሱ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ።

ሕንፃው ሳምንት ሙሉ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ልጆቹ ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ በነፃ ማለፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት መንትዮች በሩን አንኳኩተው ጥያቄ እንዲሰጧቸው ሲለምኑ አገኘኋቸው። አልተከፈተላቸውም። ልጄ በየቀኑ ስታልፍ የተዘጋውን በር በመዳፏ ነካ ታደርጋለች፤ «ዜሮ» ትላለች ለራሷ፤ ከዚያ ትወጣለች። ቁጥሩን እየተናገረች ነው የምትወጣው። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሷ አልቆረጠችም።

በሳምንቱ የተሰበረ ብስኩት በላስቲክ ቋጥሬ ሄድኩ። ከፈቱልኝ። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። ወለሉ በሙሉ ሴራሚክ ነው፤ ከሠሩበት ቤት ሁሉ የተረፈች አንድ አንድ ቁራጭ ናት፤ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ አበባ ያላት፣ አንዷ ቡኒ፤ ሁለት አንድ ዓይነት የለም። ረድፉ ግን በክር እንደተለካ ቀጥ ያለ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እኔም ሰሌዳ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፣» አሉ። «ያንቺ ልጅ ታክል ነበርኩ። ሰባት በስምንት ተባልኩ። አርባ አምስት አልኩ። ውጣ ተባልኩ፤ ወጣሁ፤ እንደወጣሁ ቀረሁ። የሚገርምሽ፣ ስህተት ነው አሉኝ እንጂ መልሱ ይሄ ነው ያለኝ ሰው የለም።»

ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የአንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሲሠሩ ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ላይ ስምንት የደረደሩት። የመጨረሻዋን ከለጠፉ በኋላ ነገሩ ትዝ አላቸውና አንድ በአንድ እየዳሰሱ ቆጠሩት። ሲሚንቶ በያዘ እጃቸው ወለሉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ወድቀው መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

«ስለዚህ ልጅ ስጠይቅ ልፈትን አይምሰልሽ፣» አሉኝ። «መልሱን ሳይዝ እንዳይሄድብኝ ነው።»

ብስኩቱን አስቀመጥኩላቸው። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያኮርፉ አልነበረም፤ ሲያስቡ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ፤ ልጅቷን መውጣት አስተማርኳት እንጂ ደረጃውን ተሸክማ መሄድ አላስተማርኳትም። ሴራሚክ ሠራተኛ ትልቁን ግድግዳ በትንሽ ወረቀት ላይ አሳንሶ ሥሎ ነው ይዞት የሚሄደው። እግሯን ከከለከሏት ደረጃውን እናሳንስላት።

አምስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። በመጀመሪያው እንደ ድሮው በእግሯ ወጣች። በሁለተኛው እሷ በርጩማው አጠገብ ቆማ ሁለት ጣቶቿ በደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ወጡ። በሦስተኛው ጣቶቿ በራሷ መዳፍ ላይ ወጡ። በአራተኛው እጇን ወደ ኋላ አድርጋ የእግሯ አውራ ጣት ብቻ፣ እሱም ጫማዋ ውስጥ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ተረት አለ፤ የኛ ነገር ተቃራኒው ሆነ፣ እግር ቀስ በቀስ ዕንቁላል ውስጥ ገባ። ሰባትንም እንዲሁ፤ ትሪው ቀረ፣ ከዚያ ፍርፋሪው ቀረ፣ ምራቋን ዋጥ ማድረጓ ብቻ ተረፈ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። የሕንፃው አስተዳደር በስንት ልመና የላከው ሰው ነው፤ የሰባተኛውን ማረፊያ ፍሳሽ ሊጠግን። ጋሽ ስንት ደረጃው አፍ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉት። ሐሙስ ና አሉት። ሰውየው ሐሙስ ሌላ ሥራ አለኝ አለ። የሚንጠባጠበው ውሃ እኮ አይደለም አሉት፣ ሃምሳ ስድስት ነው። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ «ደህና ናቸው?» አለኝ። እኔም ከጋሽ ስንት ጎን ቆምኩ። ሁለታችን ሰውየውን ስንለምን፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የተነሳላት ልጅ ከኋላችን ቦርሳዋን እንዳዘለች ስታዳምጥ ኖራለች።

«ይጠግነው፣» አለች። «እኔ እሰማዋለሁ።»

ጋሽ ስንት ዞር አሉ። አዩዋትና ከደረጃው አፍ ፈቀቅ ብለው ሰውየውን አሳለፉት።

የፈተናው ቀን መምህሯን ለምኜ በክፍሉ በር ላይ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ልጄ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሰሌዳው ፊት ቆመች። እኔ ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ጫማዋን አየሁ። «አራት ሲባዛ በስምንት።» የጫማዋ ጫፍ ላይ ቆዳው ከውስጥ ብቅ ጥልቅ አለ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። «ሠላሳ ሁለት።» መምህሯ ጉንፋን እንዳለባት ጠየቀቻት። ልጄ ሽንኩርት ነው ብላ ብቻ መለሰች፤ መምህሯም ዙሪያዋን አይታ ቀጠለች።

የተሳተውንና የተመለሰውን በሁለት እጄ ጣቶች እቆጥራለሁ። «ሰባት ሲባዛ በስምንት» ሲባል ጣቶቼ ቆሙ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። መምህሯ ጠረጴዛውን አንዴ መታች። የተጠገነው ቧንቧ እዚያ ሕንፃችን ውስጥ ጸጥ ብሏል። ሁለቴ። «ሃምሳ ስድስት» አለች ልጄ፣ በሹክሹክታ።

አንዳንዱን ሳተች፤ ስድስት በዘጠኝን ሳተች፣ ዘጠኝ በዘጠኝን ሳተች፣ ሌላም ሁለት። አሥራ ዘጠኙ ሲያልቅ አሥራ አምስት መልሳለች። የቀረው አንድ ነው። መምህሯ ወረቀቱን አየች።

«ዜሮ ሲባዛ በስምንት።»

ጫማዋን አየሁ። አይንቀሳቀስም። መምህሯ አንዴ መታች። ጫማው አሁንም ድንጋይ ነው። ሁለቴ መታች። ልጄ ፈገግ አለች።

«ጋሽ ስንት፣» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። የመምህሯ ጣት ለሦስተኛው አየር ላይ ተነሳ።

«ማለቴ ዜሮ፣» አለች ልጄ። «በርጩማው ጋ ነኝ። ገና አልወጣሁም።»

መምህሯ የተነሳ ጣቷን አየችው። ከዚያ ጠረጴዛውን ሳይነካ መለሰችውና እስክሪብቶዋን አነሳች።

የማለፏን ወሬ ይዤ ስገባ ከዳቦ ቤትና ከአትክልት ቤት ያነሳሁት ዳቦና ቲማቲም ሁለት እጄን ሞልቶት ነበር። ልጄ ቀድማኝ ሮጣ ጓደኛዋ ቤት ገብታለች። ጋሽ ስንት በርጩማቸው ላይ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽንኩርቱን፣ ጣቷን፣ የመጨረሻውን። ዜሮ ሲሏት ስማቸውን እንደጠራች ስነግራቸው ስድብ ነው ወይስ ምርቃት ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። መሐረባቸውን ፈለጉ፤ አንድም ኪሳቸው ውስጥ የለም።

ናናውን አሁን ፀሐይ ማስገባት እንደሚቻል ለነርሷ እንድነግርላቸው አደራ አሉኝ። እሺ ብዬ ደረጃውን ጀመርኩ። መቼም አንድ ቀን ዝም ብለው ቢያሳልፉኝ እወድ ነበር ብዬ አስብ የነበርኩ ሴት፣ በዝምታ ሲያሳልፉኝ አንገቴ ወደ ኋላ ይስበኝ ጀመር። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ፣ ነፋሱ ጋ ስደርስ፣ ከታች ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

«ለመሆኑ አንቺ፣ አሥራ ሁለት በስምንት ስንት ነው?»

ስልኬን ጆሮዬ ላይ መለጠፍ እችል ነበር። ግን የምር፣ ስንት ነው? ማወቅ ፈለግሁ። ሕፃኑን አለፍኩ፣ ናናውን አለፍኩ፣ ሽንኩርቱን አለፍኩ፣ ግድግዳውን በክርኔ ጠረግ አደረግሁት። የቤቴን በር አለፍኩት። ዝም ባለው ቧንቧ አጠገብ ሳልፍ አፌ በራሱ ሃምሳ ስድስት አለ። የጣራው በር ላይ ደርሼ ግንባሬን የሞቀ ብረት ላይ አሳረፍኩ። ደረጃ አልቋል፤ አራት ይቀረኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጫማዬ ውስጥ አውራ ጣቴ መውጣት ጀመረ፤ ሰባ ሁለት፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስምንት።

«ዘጠና ስድስት!» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ።

ከታች ጋሽ ስንት እየቆጠሩ ነው፤ አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ስምንቱንም ማረፊያ አንድ በአንድ እየነካ ድምፃቸው መጣ።

«አሥራ ሦስትስ?»

ቲማቲሙን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።